ንቅናቄው ገነነ፣ መሪው ተረሳ፦ ዊሊያም ሲሞር ማን ነበር?

በዓለም ላይ ያሉት የጴንጤቆስጤና የካሪዝማቲክ አማኞች ከግማሽ ቢሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ሌጎስ ብትሄዱ አሉ፣ ሳኦ ፓውሎ ብትሄዱ አሉ፣ ሴኡል ብትሄዱ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥማ እሑድ ጠዋት ስፒከሩ ራሱ ይነግራችኋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ሲከተል ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል፦ ሎስ አንጀለስ፣ አዙሳ ጎዳና፣ ቁጥር 312፣ ዓመቱ 1906። ቤቱ የፈረስ ጋጣ ሆኖ ያገለገለ አሮጌ ሕንፃ ነበር። ሰባኪው ደግሞ ከባርነት የወጡ ሰዎች ልጅ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ አነጋገሩ የረጋ ጥቁር ሰው።

ስሙ ዊሊያም ጆሴፍ ሲሞር ነው። በእኛ መድረኮች ላይ እምብዛም አይነሣም። በዚህ ብዙም አንወቀስም፤ በገዛ አገሩም የተረሳው ገና በሕይወት ሳለ ነው። ይህን ያህል ነገር የጀመረ ሰው እንዴት እንዲህ ገሸሽ ሊደረግ ቻለ? ጉዳዩ የዘር ነው፣ የጋዜጣ ነው፣ የትምህርተ ሃይማኖት ክርክርም ነው። ሦስቱ እርስ በርስ ስለተጠላለፉ ቀስ ብለን እንፍታቸው። ዓመታቱም ቀናቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲሞር በ1870 በሉዊዚያና ግዛት፣ ሴንተርቪል በምትባል የሸንኮራ አገዳ አገር ተወለደ። አባቱ ሳይመንም እናቱ ፊሊስም በባርነት የኖሩ ናቸው። አባቱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሰሜኑ ጦር ውስጥ ተሰልፎ ነበር። ልጃቸውን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስጠመቁት። ካደገ በኋላ እንደ ብዙ የደቡብ ጥቁሮች ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄደ። ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በሆቴል አስተናጋጅነት ሠራ፣ ከሜቶዲስቶች ጋር አመለከ። ቀጥሎ ሲንሲናቲ ገባ። እዚያ ፈንጣጣ ያዘው። ከሞት ተረፈ፣ ግራ ዓይኑ ግን አልተረፈም።

በዚህ ጊዜ ሲሞር የ"ቅድስና እንቅስቃሴ" ሰው ሆኗል። የኋላው ክርክር እንዲገባን ይህን እንቅስቃሴ ማወቅ ይጠቅማል። ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው በመጀመሪያ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ጊዜ ደግሞ እግዚአብሔር ልቡን ፈጽሞ የሚያነጻበት ሁለተኛ ሥራ ይሠራለታል። ሁለት ደረጃ አለ ማለት ነው። ሦስተኛው ደረጃ የመጣው ከአንድ ነጭ ሰባኪ ዘንድ ነው፤ ስሙ ቻርልስ ፓርሃም ይባላል።

ፓርሃም ካንሳስ ውስጥ፣ ቶፔካ ከተማ ትንሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ነበረው። ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ጥያቄ አነሡ፦ ሰው በመንፈስ ቅዱስ መጠመቁ በምን ይታወቃል? ሐዋርያት ሥራን አገላብጠው መልሱ "በልሳን በመናገሩ"፣ ማለትም ባልተማረው፣ መንፈስ በሚሰጠው ንግግር በመናገሩ፣ የሚል ነው አሉ። በ1901 መግቢያ ላይ አግነስ ኦዝማን የምትባል ተማሪ እጅ ተጭኖላት በልሳን ተናገረች። ዛሬ ብዙ ጴንጤ "የጥምቀቱ ምልክት ልሳን ነው" የሚለው ትምህርት በዚህ መልክ የተቀረጸው ያኔ ነው። ፓርሃም ግን ከዚያም አልፎ ሄዷል። ልሳን ማለት ተናጋሪው ያልተማረው፣ ግን በምድር ላይ በርግጥ የሚነገር የሌላ ሕዝብ ቋንቋ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሚሲዮናዊው ቻይንኛ መማር አያስፈልገውም፤ መንፈስ ቅዱስ ይሰጠዋል።

ሲሞር ከፓርሃም ጋር የተገናኘው ቴክሳስ፣ ሂውስተን ነው። ያገናኘቻቸው ሉሲ ፋሮው ናት። እሷም በባርነት የተወለደች፣ በከተማው የጥቁሮች ጉባኤ መጋቢ የነበረች፣ በፓርሃም ቤት ደግሞ ልጆች በመንከባከብ የሠራች ሴት ናት። ሲሞር በፓርሃም ትምህርት ቤት መማር ፈለገ። በቴክሳስ ሕግና ልማድ ግን ጥቁርና ነጭ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም። መፍትሔው ምን ሆነ? ሲሞር ከክፍሉ ውጭ ተቀምጦ ገርበብ ባለው በር በኩል እንዲያዳምጥ ተፈቀደለት። ትምህርቱን ተቀበለ። ስድቡን ዋጠው።

ብዙም ሳይቆይ ከሎስ አንጀለስ ጥሪ መጣለት። ኒሊ ቴሪ የምትባል ሴት ሂውስተን መጥታ ሰምታው ኖሮ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ነገረች። የካቲት 1906 መጨረሻ ላይ ደረሰ። ጉባኤዋን የምትመራው ጁሊያ ሃቺንስ ነበረች። ሲሞር ስለ ልሳን ሰበከ፤ እሱ ራሱ ያኔ በልሳን ተናግሮ አያውቅም። ሃቺንስ ትምህርቱን አልወደደችውም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሲመጣ በሩ ተቆልፎ ጠበቀው። በማያውቀው ከተማ፣ ኪሱ ባዶ፣ ቤት የለው፣ መድረክ የለው።

ያስጠጉት ተራ ሠራተኞች ናቸው። በመጨረሻ ጸሎቱ ቦኒ ብሬይ በሚባለው ጎዳና፣ በሪቻርድና በሩት አስበሪ ቤት ሆነ። ተሰብሳቢዎቹ የቤት ሠራተኞች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ ልብስ አጣቢዎች ነበሩ፤ ሁሉም ጥቁር ለማለት ይቻላል። ሚያዝያ 9 ቀን ሲሞርን ቤቱ ያስጠጋው ኤድዋርድ ሊ በልሳን ተናገረ፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ሌሎቹም ተከተሉ። ከእነሱ አንዷ ጄኒ ኢቫንስ ሙር ናት፤ ኋላ የሲሞር ሚስት ሆናለች። ሲሞር ራሱ ተራው የደረሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ወሬው ተሰማ፣ ሰፈሩ በሰው ተጨናነቀ፣ በረንዳው በሰው ብዛት ተደርምሶ ነበር ይባላል። ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ።

የተገኘው የአዙሳ ጎዳናው ቤት ነው። ቀድሞ የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጉባኤው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ታችኛው ፎቅ ጋጣና መጋዘን ሆኗል። ኪራዩ በወር 8 ዶላር። አጸዱት፣ ጣውላ በርሜሎች ላይ ዘርግተው አግዳሚ ሠሩ። አትሮንሱ ሁለት የተደራረቡ የእንጨት ሳጥኖች ናቸው። ሲሞር ስብሰባው እየተካሄደ ራሱን ሳጥኑ ውስጥ ቀብሮ ለረጅም ሰዓት ይጸልይ ነበር። ሙዳየ ምጽዋት አይዞርም፤ በሩ አጠገብ ሣጥን ተሰቅሏል፣ የፈለገ ይጥላል። የፕሮግራም ዝርዝር የለም። መናገር የፈለገ ይነሣል፤ ገበሬም ይሁን ዶክተር፣ ሴትም ትሁን ልጅ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሳምንት ሰባት ቀን፣ ለሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ቀጠለ።

የከተማው ትልቅ ጋዜጣ ሚያዝያ 18 ላይ እያፌዘ ጻፈባቸው፤ የባቢሎን ጩኸት፣ የእብዶች ስብስብ በሚል ዓይነት። የዚያኑ ዕለት ማለዳ ሳን ፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት። የመጨረሻው ዘመን ደርሷል ብሎ የሚያምን ሰው ይህንን እንዴት እንደሚያነብበው መገመት አያዳግትም። ሰው ጎረፈ።

በእኔ ግምት ግን ትልቁ ተአምር ልሳኑ አልነበረም። ትልቁ ነገር ማን ከማን አጠገብ ተንበረከከ የሚለው ነው። ጥቁር፣ ነጭ፣ ሜክሲኳዊ፣ ከሩሲያ የመጣ አርመናዊ፣ ሁሉም አንድ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጭ ሴት ጥቁር ወንድ እጅ ይጭንባታል። ይህ በየትኛው አሜሪካ እንደሆነ አስቡት፦ በደቡብ ጥቁሮች በየዛፉ የሚሰቀሉበት ዘመን ነው። የአዙሳ ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም በወጣበት በመስከረም 1906፣ አትላንታ ውስጥ የነጮች መንጋ በብዙ ጥቁሮች ላይ ጭፍጨፋ ፈጽሟል። ጋስተን ካሽዌል የተባለ ነጭ ሰባኪ ከኖርዝ ካሮላይና ድረስ መጥቶ፣ አንድ ጥቁር ወጣት እጅ ሊጭንበት ሲል ዘገነነው። ከራሱ ጋር ሲታገል ቆይቶ ተመልሶ መጣና ጥቁሮቹ እንዲጸልዩለት ለመነ። ፍራንክ ባርትልማን የተባለው ነጭ ጋዜጠኛ ደግሞ የቀለም ድንበሩ በክርስቶስ ደም ታጥቦ እንደጠፋ መስክሯል።

ሲሞር ራሱም የሚያሳስበው ይኸው ይመስላል። ከዚህ ወጥታችሁ ስለ ልሳን አታውሩ፣ ሰው እንዲድን ጣሩ እያለ ይመክር እንደነበር ይነገራል።

አሁን ወደ ጋዜጣው እንምጣ፤ ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ እዚህ ስላለ። "አፖስቶሊክ ፌይዝ" የሚባል ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ በነፃ ያሳትሙ ነበር። አዘጋጇ ክላራ ለም ትባላለች፤ ንግግር እየሰሙ በፍጥነት በሚጻፍበት በአጭር ጽሕፈት (ሾርትሃንድ) የሠለጠነች ነጭ ሴት። በ5,000 ቅጂ ጀምሮ ከፍ ሲል 50,000 ደርሷል። ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን አዙሳን የዓለም ጉዳይ ያደረጋት ይህ ወረቀት ነው።

ቶማስ ባራት የተባለ በኖርዌይ የሚያገለግል የሜቶዲስት መጋቢ በ1906 ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ ሊያሰባስብ ኒው ዮርክ ገብቶ ነበር። ገንዘቡ አልተሳካም፤ ጋዜጣው ግን እጁ ገባ። ከአዙሳ ሰዎች ጋር ተጻጻፈ፣ እዚያው ኒው ዮርክ በልሳን ተናገረ፣ በታኅሣሥ ወደ አገሩ ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት ሌዊ ፔትሩስ የተባለ ወጣት ስዊድናዊ የባፕቲስት መጋቢ ሊያየው ኖርዌይ ሄደ፤ ኋላም የስቶክሆልሙ ፊላደልፊያ ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆነ። ባራት በ1911 ፊንላንድም ሄዶ ሰብኳል። ከዚያ በ1951 የፊንላንድ ጴንጤቆስጤ ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን ሐዋሳ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ፣ በናዝሬትና በሐረር ተማሪዎች መካከል መነቃቃት ተነሣ፤ በ1967 ሙሉ ወንጌል ተመሠረተች። የንጉሡ መንግሥት አልመዘግብም አላት፣ በ1972 በመቶዎች የሚቆጠሩ ምእመናን ታሰሩ፣ ደርግ ደግሞ ጨርሶ ዘጋት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከአዙሳ ወደ ኦስሎ፣ ከኦስሎ ወደ ስቶክሆልምና ፊንላንድ፣ ከዚያ ወደ ሐዋሳ ሲባል ቧንቧ የተዘረጋ ሊመስል ይችላል። እንደዚያ አይደለም። የኢትዮጵያው መነቃቃት የተማሪዎቹ የራሳቸው ጾምና ጸሎት ፍሬም ነው፤ ሚሲዮናውያኑ ያላሰቡት ነገር ብዙ ነበር። በዓለም ደረጃም ቢሆን አዙሳ ብቻዋን አልነበረችም። ሕንድ ውስጥ በፓንዲታ ራማባይ የሙክቲ ማዕከል በ1905 ተመሳሳይ መነቃቃት ነበር። ዌልስም በ1904 ተቀጣጥላለች። አዙሳን የለየው ከየአቅጣጫው ሰው መጥቶ፣ አይቶ፣ ይዞ የሚመለስባት መናኸሪያ መሆኗ ነው።

የተላኩት ሁሉ ግን ያሰቡት አልቀናቸውም። አልፍሬድና ሊሊያን ጋር የተባሉ ባልና ሚስት ቤንጋሊ ተሰጥቶናል ብለው ሕንድ፣ ካልካታ ሄዱ። ሰው አልገባውም። እነሱ ግን እምነታቸውን አልጣሉም፤ ልሳን ለስብከት የሚሆን ቋንቋ ሳይሆን የጸሎትና የምስጋና ስጦታ ነው ወደሚለው አመኑ። ቀስ በቀስ አብዛኛው ጴንጤቆስጤም እዚያው ደረሰ። የፓርሃም "ያለ ትምህርት ቻይንኛ" ሐሳብ በዚህ መልክ ተሸኘ።

ፓርሃም ራሱስ? ሲሞር እንደ አባት ያየው ስለነበር መጥቶ እንዲጎበኛቸው ጋበዘው። በጥቅምት 1906 መጣ። ያየው አስጸየፈው። ስሜታዊነቱን ነቀፈ፤ ከዚያ በላይ ግን ጥቁርና ነጭ ተቃቅፈው ማየቱ አላስቻለውም። ስለዚህ የተናገራቸው ቃላት እዚህ ሊደገሙ የሚገባቸው አይደሉም። ከመድረኩ ሊገሥጻቸው ሲሞክር የአዙሳ ሽማግሌዎች በሩን አሳዩት። እሱም እዚያው ከተማ ውስጥ ተፎካካሪ ስብሰባ ከፈተ፤ ብዙ አልዘለቀም። ሲሞርና ፓርሃም ከዚያ ወዲያ አልታረቁም።

ሁለተኛው ምት ከቤት መጣ። በግንቦት 1908 ሲሞር ጄኒ ሙርን አገባ። ጌታ ቶሎ ይመጣል ብለው የሚጠብቁ አንዳንዶች "አሁን ምን ትዳር አስፈለገ?" አሉ። ክላራ ለም በዚያ ጊዜ አካባቢ ወደ ፖርትላንድ፣ ወደ ፍሎረንስ ክሮፎርድ ዘንድ ሄደች። ክሮፎርድም ቀድሞ የአዙሳ ሰው ነበረች። ክላራ ስትሄድ የጋዜጣውን የአንባብያን አድራሻ ይዛ ሄደች። ጋዜጣው ፖርትላንድ መታተም ጀመረ። ክላራ የሄደችበት ምክንያት ትዳሩ ነው፣ ቅናት ነው፣ የትምህርት ልዩነት ነው እየተባለ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሲሞር ከሎስ አንጀለስ ውጭ ካለው ሕዝቡ ጋር የሚነጋገርበት መስመር በአንድ ቀን ተቋረጠ። አንድ ድርጅት የደንበኞቹን ዝርዝር ቢነጠቅ ምን ይሆናል? ይኸው ነው የሆነው።

ሦስተኛው ዊሊያም ዱርሃም ነው፣ የቺካጎ ሰባኪ፣ አንደበተ ርቱዕ። በ1907 አዙሳ መጥቶ ተባርኮ የተመለሰ ሰው ነበር። በኋላ ግን ያ "ሁለተኛ ደረጃ" የሚባለው ነገር የለም፣ ሥራው ሁሉ በመስቀል ላይ ተፈጽሟል ብሎ ማስተማር ያዘ። በ1911 ሲሞር ለአገልግሎት ራቅ ብሎ ሄዶ ሳለ አዙሳ መጥቶ ሰበከ። ቤቱ እንደ ድሮው ሞላ። ሲሞር እየከነፈ ተመለሰና በሩን ቆለፈበት። ከአምስት ዓመት በፊት በሩ የተቆለፈበት ሰው አሁን ቆላፊ ሆነ። ዱርሃም ብዙውን ሕዝብ ይዞ ወጣ። ራሱ በ1912 ሞተ፣ ትምህርቱ ግን አልሞተም፤ በ1914 አርካንሳስ ውስጥ የተመሠረተው አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ የተባለው የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ያንኑ መንገድ ያዘ። መሥራቾቹም ከሞላ ጎደል ነጮች ነበሩ። ከአዙሳ ተባርኮ የሄደው ቻርልስ ሜሰን የሚመራው ቸርች ኦፍ ጎድ ኢን ክራይስት ደግሞ የጥቁሮች ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በየፊናው ተከፈለ።

በ1915 ሲሞር የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓትና ትምህርት የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ሁለት ነገሮች ይገኙበታል። አንደኛ፣ ልሳን ብቻውን የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት ማረጋገጫ ነው የሚለውን የፓርሃምን ትምህርት ትቷል። ስጦታ መሆኑን አልካደም። ግን በልሳን እየተናገረ ወንድሙን የሚንቅ ሰው ካየ በኋላ፣ የፍቅር ፍሬ የሌለበት ምልክት ምን ያረጋግጣል ወደሚል ደርሷል። ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች ጥቁሮች ብቻ እንዲሆኑ ደነገገ፤ ነጮች አባል መሆን ይችላሉ፣ መሪ ግን አይሆኑም። ለሰላም ሲባል ነው አለ። ከደረሰበት አንጻር ሲታይ ምክንያቱ ይገባኛል። ቢሆንም ያ የ1906 ሰው ይህን ደንብ ለመጻፍ መገደዱ ከታሪኩ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ቦታ ነው።

ሲሞር መስከረም 28 ቀን 1922 በልብ ሕመም ሞተ። 52 ዓመቱ ነበር። ያኔ የቀሩት ጥቂት ታማኞች፣ በአብዛኛው ጥቁሮች ናቸው። መቃብሩ ላይ "ፓስተራችን" ብለው ጻፉበት። ጄኒ እሱን ተክታ ጉባኤውን መራች። ሕንፃው ግን በ1931 ፈረሰ፣ እሷም በ1936 አረፈች።

ለብዙ ዓመታት በነጮች የተጻፉት የጴንጤቆስጤ ታሪኮች ፓርሃምን አባት አድርገው ሲሞርን በጎን አለፉት። ወልተር ሆለንዌገር የተባለው የስዊስ ምሁርና ተከታዮቹ ነገሩን ገለበጡት፤ ትምህርቱን የቀመረው ፓርሃም ሊሆን ይችላል፣ ንቅናቄውን ግን ዓለም አቀፍ ያደረገው የሲሞር አዙሳ ነው አሉ። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። ትምህርቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከ1901 እስከ 1906 ካንሳስና ቴክሳስ ውስጥ በቂ ጊዜ ነበረው። በ1994 ደግሞ የነጭና የጥቁር ጴንጤቆስጤ መሪዎች ሜምፊስ ላይ ተሰብስበው፣ እግር ተጣጥበው፣ በዘር ተለይቶ የነበረውን የነጮች ኅብረት አፍርሰው አዲስ መሠረቱ።

ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ ቦታውን ማየት ትችላላችሁ። ከሊትል ኢትዮጵያ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ክትፎአችሁን በልታችሁ ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ሊትል ቶኪዮ ሂዱ። አዙሳ ጎዳና ዛሬ አጭር መተላለፊያ ናት፤ የጋጣው ቤት የነበረበት አካባቢ የጃፓናውያን አሜሪካውያን የባህል ማዕከል አደባባይ ሆኗል፣ መታሰቢያ ጽሑፍም አለ። የቦኒ ብሬይ ቤት ግን አልፈረሰም። በረንዳውም ተጠግኗል፤ ጎብኚዎችን ይቀበላል።